ዘፈኑ ማሳረፊያ አይደለም

በፖለቲካ ቴአትር ውስጥ ዘፈን የሚገባው ተመልካቹን ከከባዱ ንግግር ለማሳረፍ ነው የሚለው ሐሳብ አልተዋጠልኝም። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ብሬሽት ዘፈን የሚያስገባው በተቃራኒው ምክንያት ነበር፤ ተዋናዩ ታሪኩን አቋርጦ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይዘፍናል፣ ተመልካቹም በስሜት መወሰዱን ትቶ ያየውን እንዲመዝን ይገደዳል።

ለእኛ ለወሎዬዎች ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። አምባሰልና ባቲ የአገራችንን ስም የያዙ ቅኝቶች ናቸው፤ ገና ማሲንቆው ሲነካ ሆድ ይባባል። ደሴ መድረክ ላይ የ1965 እና 66ቱ ረሃብ እየተተረከ አምባሰል ቢገባ አዳራሹ ያለቅሳል። ግን ረሃቡን ማን ደበቀው ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል? ዜማው እንባውን ከወሰደ ግጥሙ ጥያቄውን በተመልካቹ ልብ መትከል አለበት። እዚህ ላይ ጎበዝ ገጣሚ ያስፈልጋል፣ ሰሙ የሚያባባ፣ ወርቁ የሚቆረቁር።

በደርግ ዘመን የነበሩት የኪነት ቡድኖች ድምፅና ውዝዋዜ ምን ይወጣለታል! መልሱ ግን አስቀድሞ ከላይ የተሰጠ ነበር። እኔ የምመኘው እንደ መንዙማው ነው፦ አንዱ ያወጣል፣ ታዳሚው ይቀበላል። ጥያቄውን ተዋናዩ ያውጣው፣ አዝማቹን ሕዝቡ ይያዘው። የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ጸሐፌ ተውኔቶች፣ እባካችሁ ይህን ሞክሩት።