እናንተ እንዳላችሁ

ዛሬ ጠዋት ቴሌግራም ላይ አንዲት መልእክት ለመጻፍ አርባ ደቂቃ ፈጀሁ። አራት ባልና ሚስት ሆነን ዛንዚባር ለምንሄድበት ሽርሽር ሦስት የመሄጃ ቀን አማርጬ፣ የሦስቱንም የአውሮፕላንና የማረፊያ ዋጋ አስልቼ፣ የቲኬት ቢሮዋን ልጅ ለምኜ ለስምንት ሰው ቦታ አስይዤ፣ «ከሦስቱ አንዱን ምረጡ፤ ቦታው የሚቆይልን እስከ 5 ሰዓት ብቻ ነው» ብዬ ላክኩ።

ቡድኑ ውስጥ እኔን ሳይጨምር ሰባት ሰው አለ። የመጣው መልስ ይኸውላችሁ። ሦስት አውራ ጣት። አንድ የተጋጠሙ መዳፎች። አንድ ጽጌረዳ ያለበት «መልካም ቀን» የሚል ስዕል። አንድ ደግሞ በጽሑፍ፦ «ለኛ ሁሉም ይመቸናል፤ እናንተ እንዳላችሁ።» ሰባተኛዋ ባለቤቴ ናት። እዚያው አጠገቤ ሽንኩርት እየከተፈች «አይቼዋለሁ» አለችኝ።

አውራ ጣቱ ለየትኛው ቀን ነው? ለመጀመሪያው? ለሦስቱም? ሦስት ጊዜ ልንሄድ ነው?

«እናንተ እንዳላችሁ» ሲሏችሁ ትሕትና ይመስላችኋል። እኔም ድሮ ይመስለኝ ነበር። አሁን ገብቶኛል። በኋላ የማማረር መብትን ቀብድ ከፍሎ ማስያዝ ነው። ምግብ ቤት «የፈለጋችሁትን እዘዙ» ያለው ሰው ነው ትሪው ሲቀርብ «እንዴ፣ ጥብስ የለውም?» የሚለው። ከተሳካ አብሮ ይደሰታል። ካልተሳካ «እኔማ ምን አልኩ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ምንም አላለም።

ነገሩ የተጀመረው ሙሽሮቹ ቤት ነው። ሙሽሮቹ የምንላቸው ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ልጅ ወልደዋል፤ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። የቴሌግራም ቡድናችንም እስካሁን «የቅልቅል ዝግጅት» እንደተባለ አለ። አንድ ቅዳሜ ማታ እዚያ ተሰብስበን ስንጫወት ከአራታችን ቤት አንድም ሰው ከአገር ወጥቶ እንደማያውቅ ታወቀ። ኢንጂነሩ ብቻ ለሥራ ሞያሌ ሄዶ አንድ እግሩን ኬንያ አሳርፎ ፎቶ ተነስቷል። እሱን ውጭ አገር መውጣት እንበለው አንበለው ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን።

መጀመሪያ ዱባይ ተነሳ። የኢንጂነሩ ሚስት «ዱባይ ከተሄደማ ባዶ እጅ አይመጣም» አለች። በአስር ደቂቃ ውስጥ መጋረጃ፣ የልጆች ጫማ፣ ለእህቷ ልጅ ሰርግ የሚሆን ልብስ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሽርሽሩ ዓይናችን እያየ ንግድ ሆነ። ባሎች ዝም አልን። ከዚያ ሞምባሳ ተነሳ። ኬንያ ለመግባት ቪዛ ስለማያስፈልገን እኔ ወድጄው ነበር። ሙሽራዋ ግን «በመኪና የሚደረስበት አገር ባሕር ማዶ አይባልም» አለች። ልክ ናት፤ አስፋልቱ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ድረስ ይወስዳል። ስለዚህ ባሕር መሻገር ግዴታ ሆነ። ዛንዚባር ደግሞ ደሴት ናት። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት አይሞላም። ሁሉም አጨበጨበ። አሁን ሳስበው ያም ጭብጨባ አውራ ጣት ነበር።

ለእናቴ ነገርኳት። ልጆቹን የምንተዋቸው እሷ ጋ ነውና መንገር የግድ ነው። «ባሕር ማዶ ሰው ለሕክምና ይሄዳል» አለች። «ለትምህርት ይሄዳል። ለእንጀራ ይሄዳል። ባሕር ለማየት? ላንጋኖ ምን ሆነ?»

መልስ አልነበረኝም። ላንጋኖ ምንም አልሆነም።

መሥሪያ ቤት ደግሞ ፓስፖርት ማውጣቴን የሰማ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጥሩ አድርገሃል፤ እዚያው ቅር» ይለኛል። ለአምስት ቀን ነው የምሄደው ስል ይጠቅሰኛል። «አዎ አዎ፣ ለአምስት ቀን።» ሂሳብ ክፍል ያሉት እናት እቅፍ አድርገው አለቀሱብኝ። ቀኑ እንኳ ገና አልተወሰነም'ኮ! ዛንዚባር ምን ሠርቼ ልቅር? ቅርንፉድ ልለቅም? አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ወንበሬን ለማን እንደምተውለት በዘዴ ጠይቆኛል። ጥሩ ወንበር ነው፤ ይሽከረከራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስነሳ ኮቴን ላዩ ላይ ጥዬ ነው የምሄደው።

መቼስ ስለ ከአገር መውጣት ከተነሳ አንድ የምወደው ተረት አለኝ። «ካገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» አያቴ ይሉት ነበር። እሳቸው ከደብረ ብርሃን አልፈው አያውቁም፤ ግን ሲሉት ግማሽ ዓለም ዞረው የመጡ ይመስላሉ። በሰው አገር አንገቱን ደፍቶ ለሚኖር ሰው የተነገረ ነው። ልክም ነው፤ ዓረብ አገር ሠርታ የመጣች ሴት ጠይቁ፣ ታስረዳችኋለች። ተረቱ ያልደረሰበት አንድ ነገር ግን አለ። በኛ ዘመን ጭነቱ የሚጀምረው ገና ካገር ሳትወጡ ነው።

የእናቴ ጎረቤት የእህት ልጅ ዳሬሰላም ትኖራለች። «ከዛንዚባር ይርቃል?» አለችኝ እናቴ። እኔ ጅሉ፣ ያነበብኩትን ላሳያት ብዬ፣ በጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ እንደሆነ ነገርኳት። «ሁለት ሰዓት ምን አላት? ከዚህ መርካቶ ደርሶ መምጣትም ያው ነው» አለች። በማግስቱ ጎረቤትየዋ አምስት ኪሎ በርበሬ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮና ግማሽ ማዳበሪያ ድርቆሽ አስይዘው መጡ። በርበሬው በሁለት ላስቲክ ተቋጥሯል፤ አፉ በፕላስተር ታሽጓል፤ በፕላስተሩ ላይ ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። አንዷ ቁጥር ዘይት ነክቷት አትነበብም። ይኸው ሳሎን ጥግ ተቀምጧል። ቤቱ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ እንግዳ ሲገባ ያስነጥሳል።

በቅርንፉዷ የታወቀች፣ የቅመም ደሴት ወደምትባል አገር አምስት ኪሎ በርበሬ! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። ቲኬት ሳይቆረጥ ጭነት ደርሷል። አህያው እኔ እንደሆንኩ ገብቶኛል፤ ፈረሱ የት እንዳለ ነው ያልታየኝ።

ስለ ገንዘቡ ባላነሳ ይሻለኝ ነበር። ግን አነሳዋለሁ።

ለጉዞው ዕቁብ እንግባ ተባለ። ከየቤቱ በወር 15,000 ብር፣ አራት ቤት፣ አራት ወር። አንድ ሰው እንኳ «ዕቁብኮ የሚበላው በየተራ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንሄደው በአንድ ቀን ነው» አላለም። እኔም አላልኩም። የመጀመሪያው ዕጣ ለሙሽሮቹ ወጣ። ሶፋ ገዙበት። ቆንጆ ሶፋ ነው፣ ጥግ ይዞ የሚታጠፍ። ስለ ዛንዚባር የምንወያየው እሱ ላይ ተቀምጠን ነው። ትራሱን ስደገፍ በልቤ «ይህች የኔ ቲኬት ናት» እላለሁ።

ከዕቁቡ የባሰው ግን «እንተሳሰባለን» ነው። አማርኛ ውስጥ የዚህን ያህል አጭበርባሪ ቃል አላውቅም። ሂሳብ እንወራረዳለን ማለትም ነው፤ አንዳችን ለሌላችን እናስባለን ማለትም ነው። ተበዳሪ በመጀመሪያው ትርጉም ይምልበታል፣ በሁለተኛው ይኖርበታል።

በ2014 እነዚሁ አራት ቤቶች ሀዋሳ ሄደን ነበር። ሚኒባስ ተከራየን። ሹፌሩ «ቅድሚያ» ሲል ሁሉም ኪሱን ዳበሰ። እኔ 6,000 ብር ከፈልኩ። ኢንጂነሩ ትከሻዬን መታ አድርጎ «እንተሳሰባለን» አለኝ። አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ በላን። ሂሳቡ ሲመጣ ለስምንት እኩል ይካፈል ተባለ። እኔና ባለቤቴ አንድ ለብለብ ነው ተካፍለን የበላነው። ኢንጂነሩ ሦስት የተጠበሰ ዓሣ ጨርሷል፤ ሾርባውን ሳልቆጥር። የመጨረሻውን እሾህ እየመጠመጠ «ዓሣ እኮ ሆድ አይሞላም» ያለው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እስቲ ላስላላችሁ። ያን ጊዜ ዶላር 50 ብር ገደማ ስለነበር የኔዋ 6,000 ብር 120 ዶላር ያህል ነበረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ፤ አሁን ከ150 በላይ ነው። ስለዚህ ገንዘቤ ዛሬ 40 ዶላር አትሞላም። ዛንዚባር ደግሞ ከመስከረም 21 ቀን 2017 ጀምሮ የሚመጣባት የውጭ እንግዳ 44 ዶላር ከፍሎ የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ አድርጋለች። ኢንጂነሩ ዛሬ ሕሊናው ወቅሶት ቢከፍለኝ እንኳ ለኔ አንድ ኢንሹራንስ አይበቃም! (ሙሽራው ስለ ኢንሹራንሱ ሲሰማ የጠየቀው ጥያቄ «ካልታመምን ይመልሱልናል?» የሚል ነው።) ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አስተያየት የለኝም። የሰውዬውን ዕዳ ግን ቁጭ ብሎ ሳለ አቅልለውለታል።

እዚህ ላይ ስቄ ማለፍ አልቻልኩም። ገንዘቡ አይደለም። ገንዘቡም ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ስንሳሳም፣ ለቅሶ አብረን ስንቀመጥ፣ አንድ ቀን «ያቺ ነገርስ?» ያለ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ጠይቄ ደግሞ «ለስድስት ሺህ ብር ብሎ» ልባል? ይሉኝታ የሚይዘው አበዳሪን ብቻ ነው። ተበዳሪ ሲያዝበት አይቼ አላውቅም። አሁንም የሆቴሉን ቅድሚያ ክፍያ ማን እንደሚከፍል ተነስቶ ስድስት ሰው ወደኔ አየ። ሰባተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ እሷ ጣሪያውን ነው ያየችው።

ምን እያልኩ ነበር? ቀኑ።

ልጆቹ የሚዘጉት ክረምት ላይ ነው። ደግነቱ እኛ በዝናብ ስንጨቀይ ዛንዚባር ደረቅ ወቅቷ ነው። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በመሃል ያለችው 25 ቀን ናት። ከዚያች ላይ የኢንጂነሩን መሥሪያ ቤት የሂሳብ መዝጊያ ቀንሱ። የሙሽራዋን አባት ተዝካር ቀንሱ። እናቴ ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ የምታደርሰው ስለት አለባት፤ እሱንም ቀንሱ። የተረፉት እነዚያ ጠዋት የላክኳቸው ሦስት ቀኖች ናቸው። አርባ ደቂቃ የፈጁብኝ ለዚህ ነው።

5 ሰዓት ሆነ። ማንም አልመረጠም። «አለፈ» ብዬ ጻፍኩ።

ቡድኑ ነፍስ ዘራ! «ውይ! እኛኮ ሁለተኛውን ልንል ነበር።» «እኛ ሻንጣ ሁሉ ገዝተናል እኮ!» «ትንሽ ብትጠብቁን ምን ነበረበት?» ሙሽራዋ የሚያለቅስ ፊት አስር ጊዜ ላከች። ለአራት ወር አንድ ዓረፍተ ነገር ያልጻፈው ሰው አንቀጽ ጻፈ። ያ ባለ ጽጌረዳው እንኳ በድምፅ መጣ፤ ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰኮንድ።

8 ሰዓት ላይ የቲኬት ቢሮዋ ልጅ ደወለች። «ወሰናችሁ?» አለችኝ። «አልፎ የለ እንዴ?» «ኧረ በፈረንጅ ነው ያልኩህ፤ በኛ 11 ሰዓት እኮ ነው።»

የሚገርመው፣ የምንሄድበት አገር ሰዎች በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው። «ሳ ሞጃ» ካሉ አንድ ሰዓት ማለት ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት። እኛም እነሱም እንዲህ እየቆጠርን በመሃል ቲኬቱ ብቻ ያሳብደናል።

አሁን 9 ሰዓት ተኩል ነው። ለቡድኑ ገና አልነገርኩም። ባለቤቴ ቡና ይዛልኝ መጥታ «ንገራቸው እንጂ፣ ኃጢአት ነው» አለችኝ። ቆይ ትንሽ ያልቅሱ አልኳት። ልጽፍ ስል ኢንጂነሩ ደወለ።

«ያለፈው ለበጎ ነው ወንድሜ» አለኝ። «እኔኮ ከመጀመሪያውም ሞምባሳ ይሻላል ብዬ ነበር።»

ስልኩን ሳልዘጋ ቡድኑን ወደ ላይ እየገፋሁ አየሁት። አላለም። አውራ ጣት ነው የላከው።