በዓይናቸው ለሚበሉ ጥንዶች የቀረበ ውዳሴ

ሰው ምግብ ቤት የሚሄደው ስለራበው ነው ብለው የሚያምኑ የዋሆች ዛሬም አልጠፉም። ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ የቀረበላቸውን ይበላሉ፣ ሂሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ፤ ምን እንደበሉም ከገዛ ሆዳቸው በቀር የሚያውቅ ሳይኖር ቀኑ ይመሻል። ከዚህ ዓይነቱ ራስ ወዳድነት ነፃ ያወጡን በከተማው ካሉ ምግብ ቤቶች አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው እየተሻገሩ ምሳና እራታቸውን የሚቀርጹ፣ የሚመዝኑና ነጥብ የሚሰጡ ጥንዶች ናቸው። ሐሜተኛው በዝቶባቸዋልና ውለታቸውን የሚናገር አንድ ሰው እንኳ ይኑር ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደነቀው ድንገተኛነታቸው ነው። «በዚህ ስናልፍ ድንገት አየነውና እስቲ እንሞክረው አልን» ይላሉ በቪዲዮው መክፈቻ ላይ። ይህ ድንገተኛነት የቀናት ድካም ያለበት መሆኑን የሚረዳላቸው ግን ጥቂት ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ ቀደም ብሎ በስልክ ተይዟል፣ ፀሐይ በዚያ መስኮት የምትገባበት ሰዓት ተጠንቷል፣ የባል ሸሚዝ ከግድግዳው ቀለም ጋር እንዳይጋጭ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። በሩን ከፍተው በመገረም የሚገቡበት ትዕይንትም አንድ ጊዜ መንገደኛ አቋርጦ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ባልየው ከመግባታቸው በፊት ተገርሞ ስላበላሸው እንደገና ተቀርጿል። ሳይዘጋጁ መገረም ለማንም የተሰጠ ነው፤ ተዘጋጅቶ መገረም ግን ጥበብ ይጠይቃል።

ምግቡ ሲቀርብ የሚያሳዩት ትዕግሥት ደግሞ በየትኛውም የጾም ሥርዓት ውስጥ ያልታየ ነው። አስተናጋጁ ሳህኑን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ሚስትየዋ በትሕትና «ይቅርታ፣ እንደገና ከበሩ ጀምረው ይምጡልን» ትለዋለች፤ እርሱም ትኩሱን ሾርባ ይዞ ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመልሶ፣ በዚህኛው ዙር ወደ ካሜራው እንዳያይ ተነግሮት፣ አዲስ እንደመጣ ሰው ፈገግ እያለ ይመጣል። ከዚያ የሳህኑ ጠርዝ በሶፍት ይጠረጋል። የአበባ ማስቀመጫው ይጠጋል፣ ይርቃል፣ ጨርሶ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ይሰደዳል። ሾርባው ላይ የነበረው እንፋሎት ቀስ በቀስ ጠፍቶ በፊቱ ላይ ስስ ቆዳ ይጋገራል፤ ባልየውም በማንኪያው ጀርባ ቆዳውን ወደ ዳር ገፋ አድርጎ፣ እንፋሎት ባለበት ጊዜ ሊናገረው የሚገባውን «ኧረ ያቃጥላል!» የሚለውን ቃል በሙሉ እምነት ይናገራል። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል እንዲሉ፣ እንዳያቅራቸው ሲሉ ሲያዩት ብቻ ይውላሉ።

የትዳር አማካሪዎች ጥንዶች እርስ በርስ መቻቻልን ከየት ሊማሩ እንደሚችሉ ሲጨነቁ እሰማለሁ። ከዚህ ጠረጴዛ ይማሩ። ሁለቱም ዓሣ አምሯቸው ቢመጡ እንኳ ሁለቱም ዓሣ ማዘዝ አይችሉም፤ አንድ ዓይነት ሳህን ሁለት ጊዜ ማሳየት ተመልካች ያሰለቻልና አንዳቸው መሠዋት አለባቸው። ስለዚህ አይብ የማይወደው ባል በየሳምንቱ አይብ የሚሳብበት ምግብ ይታዘዝለታል፤ አይቡም እንደ ክር ረዝሞ እስኪታይ ሹካውን ደጋግሞ ያነሣል፣ ያወርዳል። ሲጎርስ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። እኛ የምንለይበት መንገድ ባይኖረንም ይህ አነቃነቅ የደስታ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። እርሷም ብትሆን አይስክሬሙ ቀልጦ በጣቶቿ መካከል እየወረደ «ገና ነው፣ ብርሃኑ አልተስተካከለም» ሲላት ያለ ማጉረምረም የምትጠብቅ ሴት ናት።

ከእነርሱ በፊት የነበሩ መዛኞች ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ያሳዝናሉ። የሚሽለን ወንድማማቾች የጎማ ፋብሪካ ባለቤቶች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ለመኪና ነጂዎች መመሪያ መጽሐፍ ያሳተሙት ሰው ብዙ ሲነዳ ጎማ ብዙ ይሸጣል በሚል ስሌት ነበር። ምግብ ቤቶችን በኮከብ መለየት የጀመሩት ደግሞ በ1926 ነው። የዚህ ድርጅት መርማሪዎች ማንነታቸውን ደብቀው፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ተቀምጠው፣ የበሉበትን ሂሳብ በድርጅታቸው ገንዘብ ሙሉውን ከፍለው ይወጣሉ፤ አብሳዩ የሚያስተናግደው ማንን እንደሆነ ሳያውቅ ለሁሉም የሚያበስለውን ያበስልላቸዋል። እንዲህ ያለ ድብብቆሽ ለእኛ ጥንዶች ነውር ነው። እነርሱ መብራታቸውን ተክለው፣ የተከታዮቻቸውን ቁጥር በሥራ አስኪያጁ ጆሮ ሹክ ብለው፣ «እናስተዋውቃችኋለን» ብለው በግልጽ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀርብላቸው ሳህን ከጎረቤት ጠረጴዛው ሳህን በእጥፍ የሞላ መሆኑና ሂሳቡ ሳይመጣ መቅረቱ ለምስክርነታቸው ሐቀኝነት ማረጋገጫ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

በባልና ሚስትነት ለሚመጣ ዝና ቀዳሚ ካስፈለገም ቲምና ኒና ዛጋት የተባሉ የኒው ዮርክ ጠበቆች አሉ። በ1979 ስለ ከተማቸው ምግብ ቤቶች የወዳጆቻቸውን አስተያየት እየሰበሰቡ ማሳተም የጀመሩ ጥንዶች ናቸው፤ በኋላ ሥራቸው አድጎ በ2011 ጉግል ገዝቶታል። ችግራቸው ሌላውን መጠየቃቸው ነበር። የብዙ ተመጋቢዎችን ድምፅ አሰባስበው ምግቡን ለብቻ፣ የቤቱን ውበት ለብቻ፣ መስተንግዶውን ለብቻ እስከ 30 በሚደርስ ነጥብ ይመዝኑ ነበር። የእኛዎቹ ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ በአንድ ጉርሻ ገላግለውናል። ሚስት «ከአሥር ስንት?» ትላለች፣ ባል ጣሪያውን ለአፍታ አይቶ «ሰባት ተኩል» ይላል። በእርግጥ እስካሁን ሁሉም ምግብ ቤት ከሰባት እስከ ስምንት ተኩል ባለው ውስጥ ሲወድቅ ነው የታዘብኩት፤ ምግብ አብሳዮቻችን በዚህ መጠን ተመጣጣኝ ችሎታ ላይ መድረሳቸው ራሱ ዜና ነው። ከሰባት በታች የሚወርደው ሂሳቡን ያስከፈለ ቤት ብቻ ነው።

ልማዱ ለጤናም ሆነ ለኪስ እንደሚበጅ ሳይንስ እየደገፈን ነው። የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጨዋማ ምግቦችን የሚያሳዩ ብዙ ፎቶግራፎችን ያዩና የመዘኑ ሰዎች ቀጥሎ የቀረበላቸው ጨዋማ ኦቾሎኒ ጥቂት ፎቶ ካዩት ያነሰ እንደጣፈጣቸው አግኝተዋል። ኦቾሎኒው ፎቶው ውስጥ እንኳ አልነበረም። እንግዲህ ተመልካቹ በየምሽቱ የሰው ሳህን እያየ ጠግቦ ሲተኛ፣ በማግስቱ ደግሞ የራሱ ምሳ እንደ ገለባ ሲሆንበት ለማን ነው ምስጋና የሚገባው?

አንዳንዶች በእነዚህ ጥንዶች መካከል ጨዋታ የለም ብለው ይነቅፋሉ። እውነት ነው፣ ቀረጻው ካለቀ በኋላ እርሷ ቪዲዮውን ስትቆርጥ እርሱ ሙዚቃ ይመርጣል፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ቀዝቃዛውን ምግብ በግራ እጃቸው፣ ሳያዩት፣ ጫፍ ጫፉን ይነካካሉ። ነገር ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። በዚያ ላይ ከእነርሱ ቀጥሎ ያሉት አዛውንት ባልና ሚስት እየተሳሳቁ፣ አንዱ ከሌላው ሳህን እየቀማ፣ መረቁን በዳቦ እየጠረጉ ሲበሉ የነበረው ደስታ የት ተመዘገበ? ማን አየው? ስንት ላይክ አገኘ? በእኔ ግምት እንዳልበሉ ይቆጠራል።

ደግሞስ ምግቡ ራሱ ለዚህ ሥራ አስፈላጊ መሆኑን ማን ነገራችሁ? ኡባ በትለር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በለንደን ደልዊች የሚኖርበትን የጓሮ መጋዘን ሰዎች ስለ ምግብ ቤቶች አስተያየት በሚሰጡበት ትሪፕአድቫይዘር በተባለ ድረ ገጽ ላይ ምግብ ቤት ብሎ አስመዘገበው፤ ለማስታወቂያ ካነሣቸው ፎቶግራፎች ውስጥ «ምግቡ» በጢም መላጫ አረፋና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የተሠራ ነበር። ወዳጆቹ በውዳሴ አስተያየት አጥለቀለቁት፣ ሰው ቦታ ለመያዝ ስልኩን አጨናነቀው፤ በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ይህ አንድም ሳህን ሸጦ የማያውቅ ቤት ከለንደን ምግብ ቤቶች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ወጣ።

ከዚህ ተነሥቼ ለምግብ ቤት ባለቤቶች ያለኝ ምክር ወጪያቸውን እንዲያስቡበት ነው። ለእነዚህ ጥንዶች ወጥ ቤት፣ ምድጃና ሌሊት ተነሥቶ ገበያ የሚወጣ አብሳይ መያዝ ብክነት ነው። በመስኮቱ ፀሐይ ሥር የተቀመጠ አንድ በደንብ ያጌጠ ሳህን ይበቃል፤ ጥንዶቹ በየተራ ይምጡ፣ በደቂቃ ሒሳብ ይክፈሉ፣ ይገረሙ፣ ሰባት ተኩል ይስጡና ለቀጣዮቹ ቦታ ይልቀቁ። ሳህኑ ከምሳ እስከ እራት ሳይነካ ይቆያል። የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወሬውን ያልሰማ፣ ስልኩን ቤቱ የረሳና የራበው ሰው ድንገት ገብቶ እንዳይበላው።