ወጥ ለማይሠራበት ወጥ ቤት የቀረበ ውዳሴ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት አበው የሚወቀሱ አይደሉም፤ ይህን ሲሉ የእብነ በረድ ሥዕል የታተመበት ባለማጣበቂያ ስቲከር ገና መርካቶ አልገባም ነበር። ዛሬ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው አንድ ጥቅል ስቲከር፣ መቀስና አጭር ቪዲዮ ያገኘ ማንኛውም አባወራ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ወጥ ቤቱን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የጣሊያን ወጥ ቤት አድርጎት ያመሻል። ማታውኑ «በትንሽ ወጪ፣ በገዛ እጄ» በሚል ርእስ «በፊት» እና «በኋላ» የተባሉ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ ወዳጅ ዘመድም «እጅህ ይባረክ» ይላል። እኔም ዘግይቼም ቢሆን ከመራቂዎቹ ልቀላቀል መጥቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደነቀው የዚህ ጥበብ ጨዋነት ነው። ቀለም ቀቢ ጠርታችሁ እንደሆነ ገና ከበር ሲገባ ባለቤቱን ያሳፍራል፤ የስንት ዓመት የቁሌት ተን ግድግዳው ላይ የጋገረውን ቅባት በሙቅ ውኃና በሶዳ እጠቡ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ የተሰነጠቀውን በስቱኮ ድፈኑ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀለም የሚባለው ነገር የሚነሣው ይላል። ስቲከር ለጣፊው ግን ማንንም አያሳፍርም፤ ቅባቱን ሳያስቀይም በላዩ ላይ ይለጥፋል። ማጣበቂያ ቅባት ላይ አይይዝም የሚሉ ቅናተኞች አሉ። እውነት ነው፣ ብዙ አይይዝም፤ ፎቶግራፍ እስኪነሣ ድረስ ግን በሚገባ ይይዛል።

አንድ የቅርብ ወዳጄ የሁለት መኝታ ቤቱን ወጥ ቤት ሲያድስ አጠገቡ ሆኜ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ስቲከሩ ሥር የታፈነውን አየር የሚያስወጣው በባንክ ካርዱ እየጠረገ ነበር፤ ካርዱ ገንዘብ ማውጣት ካቆመ ሰንብቶ ስለነበር አየርም ቢሆን ሲያወጣ በማየታችን ሁላችንም ተደሰትን። የእብነ በረዱ ግራጫ መስመር ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሲሻገር መንገዱን እየሳተ ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ ከየትኛውም ተራራ ተፈልጦ ስለማይገኝ ብርቅ መሆኑን መመስከር እችላለሁ። ከካቢኔቱ በሮች ሁለቱ በችኮላ ከነክፈፋቸው አብረው ስለተለጠፉ እስከ ዛሬ የሚከፈቱት በቢላዋ ነው፤ ከአንደኛው ውስጥ የጨው ዕቃ እንደቀረ ባለቤቱ ታስታውሳለች። የተለየ ምስጋና የሚገባው ግን ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ስቲከሩ የተሠራበት ፕላስቲክ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መለስለስ ስለሚጀምር፣ በሦስተኛው የቁሌት ቀን እዚህም እዚያም ተነፋፍቶ ዓይን አወጣ፤ ምጣድ ላይ ስንት ጊዜ ሞክረን ያቃተንን ዓይናማ እንጀራ ግድግዳው ያለ እርሾና ያለ አብሲት አሳየን።

የእድሳቱን ጥልቀት መመዘን የሚሻ ሰው ደግሞ ከላቫንዲኖው ሥር ይጎንበስ። ሲፎኑ ከዓመት በላይ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። የካቢኔቱ ወለል ቺፕውድ ነው፤ ቺፕውድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጋግሮ የሚሠራ በመሆኑ ውኃ ከጠጣ አብጦ ይቀራል እንጂ ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። ወዳጄ እብጠቱን ከነእርጥበቱ በእብነ በረድ ሸፈነው፤ ከሲፎኑ ሥር ባልዲ አኖረ፤ ባልዲው ከግድግዳው ጋር እንዲሄድ ደግሞ በተረፈው ስቲከር ለበጠው። የሲፎኑን ጎሚኒ ለመቀየር የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ ማኪያቶ ከሚከፈለው ብዙም ባይርቅ ነው፤ ነገር ግን ጎሚኒ ፎቶግራፍ ላይ አይታይም፣ ለማይታይ ነገር ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ቁጠባ አይባልም።

ስለ ቁጠባ ከተነሣ፣ የተመደበው በጀት 6,000 ብር ነበር። የመጀመሪያው ጥቅል ተጣሞ፣ ሁለተኛው አጥሮ፣ ሦስተኛው ቀለሙ ከሁለቱ ጋር አልገጥም ብሎ፣ በዚያ ላይ ከካቢኔቱ ሥር የሚበራ የመብራት ገመድና ውኃ የማያስፈልገው የፕላስቲክ አበባ ሲጨመር ነገሩ 19,000 ብር ላይ አረፈ። ወጪውን ለሚጠይቅ ሰው ዛሬም የሚነገረው 6,000 ብር ነው፤ ወዳጄ አልዋሸም፣ መቁጠሩን ቀደም ብሎ አቆመ እንጂ።

የጥበቡ ከፍተኛ ማዕረግ የተገለጠው ግን ወጥ ቤቱ ካማረ በኋላ ወጥ የተከለከለበት ዕለት ነው። ቁሌቱ ስቲከሩን ያጠይመዋል፣ እርዱ ያቢጨዋል፣ የምጣዱ እንፋሎት ይልጠዋል ተባለና የከሰል ምድጃው ወደ በረንዳ ወጣ፣ ምጣዱም የኤሌክትሪክ ገመዱን እየጎተተ ኮሪደር ላይ ተተከለ። ቀድሞ ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ የሚሠራው ጭሱን ለመሸሽ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ወደ ቤት ውስጥ አስገባው፤ እድሳቱ ደግሞ ያለ አንዳች የከተማ ፕላን ወደ ነበረበት መለሰው። ጓዳ እንግዳ የማይዘልቅበት የገመና ቦታ ነበር። የወዳጄ ጓዳ አሁን እንግዳ ብቻ የሚዘልቅበት፣ ቤተሰቡ ግን ውኃ ሊቀዳ እንኳ እየተሳቀቀ የሚገባበት ሆኗል።

ለፋሲካ አማቱ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ወዳጄ ያንን የሚያበራ ገመድ አብርቶ ወደ ወጥ ቤቱ አስገባቸው። እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ እብነ በረዱን ሳይነኩት ነካ እያደረጉ ዙሪያውን አዩት፣ ባልዲውንም ጭምር አደነቁ፤ ከዚያ ዞር ብለው «እሰይ ልጄ፣ እጅህን ይባርከው፤ በጣም ያምራል። ማድ ቤቱስ በየት በኩል ነው?» አሉት። ወዳጄ በረንዳውን አሳያቸው። በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ የዶሮው ሽንኩርት ተልጦ ይጠብቅ ስለነበር ከግድግዳው ጥግ የስቲከሩን መጠቅለያ ካርቶን አነሡና ቀደው ማራገቢያ አደረጉት፤ ከሰሉም ወዲያው ተያያዘ።