የዶሮ ሽቦ

የክርክሩ ሐሳብ፦ «ቤት ውስጥ ያደጉ ጥንቸሎች ደህና ጎጆ ተሠርቶላቸው ወደ ግቢ መውጣት አለባቸው።» ደጋፊው ኮምቦልቻ የሚኖር በያጅ ነው። ተቃዋሚዋ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ስድስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምረውታል። ጥንቸሎቹ፣ ሁለት ሴት እህትማማቾች፣ የእሳቸው ናቸው። የሰጣቸው ግን እሱ ነው።

በያጁ

ቲቸር፣ ባለፈው ደሴ ስወጣ ቤትዎ ጎራ ብዬ ነበር። ቡናዎ እንደ ድሮው ነው። ጥንቸሎቹ ግን አንጀቴን በሉት።

ሁለቱም ከቡፌው ሥር ተጣብቀው ተቀምጠዋል። አንዷ ወጣች፣ ሦስት ጊዜ ዘለለች፣ ሊሾው አንሸራተታትና ተመልሳ ገባች። በቃ፣ የቀኗ ስፖርት ይኼው ነው። የቴሌቪዥኑ ገመድ በፕላስተር ተጠቅልሏል። የሶፋው እግር ተግጧል። ይኼ ጥጋብ አይደለም። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። ሳርና ድርቆሽ ካልሞረደላት ያገኘችው ነገር ላይ ትሞርደዋለች።

የቤት ጥንቸል ዘሩ የመጣው ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ነው። እዚያ ጉድጓድ እየቆፈረ፣ ማለዳና ማታ ሳር እየጋጠ የኖረ እንስሳ ነው። ሳሎን አልተፈጠረለትም። ስለ ሽታውም ልንገርዎ፣ አይቀየሙኝ። እርስዎ ለምደውታል። የሽንቱ አሞኒያ ግን ከሁሉ በፊት የነሱን አፍንጫና ሳንባ ነው የሚጎዳው። አጠገቡ የሚተኙት እነሱ ናቸዋ።

ግቢ አለዎት። ፀሐይ አለ። ጥቂት ጣውላ፣ ሁለት ቆርቆሮ፣ የዶሮ ሽቦ፤ አለቀ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

መምህርት

ልጄ፣ ቡናዬን ጠጥተህ ስታበቃ ቤቴ ይሸታል ማለትህን ለእግዜር ትቼዋለሁ።

የዶሮ ሽቦ አልክ? ስሙ ራሱ ይናገራል። ዶሮ እንዳይወጣ የተሠራ ነው። ውሻ እንዳይገባ የተሠራ አይደለም። ቀጭን ነው፣ ጥምዝ ነው። ውሻ በጥርሱ ይቀደዋል። አይጥ ሳታጎነብስ ታልፍበታለች። የሶፋዬን እግር የጋጠችው ጥንቸል ራሷ ከውስጥ ትቆርጠዋለች። ጎረቤቴ ዶሮዎቿን በዚሁ ሽቦ አጥራ ነበር። ሽለምጥማጥ ገብቶ በአንድ ሌሊት ጨረሳቸው። ጠዋት ላባውን አብሬያት ጠርጌያለሁ። እንግዲህ ለዶሮም አልሆነ፣ ስሙ ብቻ ነው የዶሮ።

ሌሊት ደግሞ ከጦሳ ተራራ በኩል ጅብ ይወርዳል። አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። የሰፈሩ ድመት አጥሩ ላይ ነው የሚውለው። ይኼን ሁሉ ጠላት በአንድ ጥቅል ሽቦ ልትመልስልኝ?

ብርዱስ? ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻህ 1,850 ገደማ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ሳትጨርስ ጃኬትህን የምታወልቅ ሰው ስለ ኅዳር ሌሊት ልታስተምረኝ? ጥንቸል ብርድ አትችልም። በተለይ የኔዎቹ።

በያጁ

«ጥንቸል ብርድ አትችልም።» ይኼን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሳናጣራ እንዳንጽፍ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?

ጥንቸል ካፖርቷን ለብሳ ነው የምትዞረው። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይመቻታል። ከዚያ በታችም ቢሆን አልጋዋ ደረቅ ከሆነና ነፋስ ካልመታት ትችለዋለች። የማትችለው ሙቀት ነው። እንደኛ አያልባትም። ሙቀቷን በዋናነት የምታስወጣው በጆሮዋ ነው። 30 ዲግሪ ሲጠጋ ታለከልካለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። ይኼን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ግንቦት ላይ እዚሁ ኮምቦልቻ አንዷን በቆርቆሮ ጣራ ሥር አጥቻታለሁ። ከቆርቆሮው በታች ጣውላ አላደረግኩም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። እና ለጥንቸል ከኔ ከተማ ይልቅ የእርስዎ ነው የሚመቸው። እርስዎ ደሴን ሲያሟት እኔ የኮምቦልቻው ልሟገትላት?

ኅዳር ላይ ድንገት ያውጧቸው አላልኩም። መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ይጀመራል። መጀመሪያ በቀን ጥቂት ሰዓት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ። ማደሩ በመጨረሻ። ፀጉራቸው ከብርዱ ጋር እየወፈረ ይሄዳል። ሳሩም እንደዚሁ ነው፣ በጥቂት በጥቂቱ። ድርቆሽ የለመደ ሆድ በአንድ ቀን እርጥብ ሳር ላይ ቢለቀቅ ይነፋል።

የዶሮ ሽቦ ያልኩት ደግሞ እንደ አባባል ነው። ሽቦ ለማለት።

መምህርት

እንደ አባባል!

«ቤት እሠራልሃለሁ» ብሎ ድንኳን የሚያመጣም እንደ አባባል ነው። አንተ በያጅ ነህ። ሽቦ እንጀራህ ነው። እኔ ግስ ለማለት ስም እያልኩ አስተምሬህ ቢሆን ኖሮ ምን ትለኝ ነበር? ሽቦና ሽቦ የማይለይ ሰው ጎጆ ሲሠራ እንደ አባባል ነው የሚሠራው። ጅቡ ግን እንደ አባባል አይመጣም።

ስለ ብርዱ ብዙ አልልም። ዋናው እርጥበቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ እንዴት እንደምትሆን ታውቃለህ። ጉሙ በር ሳያንኳኳ ይገባል። የበልጉ ዝናብ ደግሞ አለልህ፣ ቀረ ብለህ ልብስ ስታሰጣ የሚመጣው። ጭዱ ይረጥባል፣ የረጠበ ጭድ ይሻግታል። ኋላዋ የቆሸሸ ጥንቸል ላይ ዝንብ እንቁላሉን ይጥላል። በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆንና በቁሟ ይበላታል። ሳሎን ሳሉ በቀን አሥር ጊዜ አያቸዋለሁ። ጠዋት ድርቆሹን ካልነኩት ወዲያው አውቃለሁ። ጥንቸል ግማሽ ቀን ካልበላች ነገሩ የሞት ነው። እንደ እኔ አትጾምም። ግቢ ከወጡ በዚያ ዝናብ ማን ጎንበስ ብሎ ኋላቸውን ያያል? አንተ ከኮምቦልቻ?

አንዷን በቆርቆሮ ሥር አብስለህ ስታበቃ አሁን የጎጆ መሐንዲስ ሆንክብኝ። በር ላይ ስሸኝህ ደግሞ ዋጋ ነግረኸኛል። አልረሳሁትም። አንባቢም ይወቀው፣ ተከራካሪዬ ጎጆ ይሸጣል።

በያጁ

ወላሂ፣ ከእርስዎ አፍ እንዲህ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

የነገርኩዎት የዕቃውን ዋጋ ነው። የእጄን አልጠየቅኩም። ልጠይቅም አላሰብኩም። ጥንቸሎቹን የብስኩት ካርቶን ውስጥ አድርጌ፣ ሚኒባስ ላይ ጭኔ ላይ አቅፌ ሐረጎን ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ያኔም ሳንቲም አልተቀበልኩም። የሞተችዋንም ማንም ሳይጠይቀኝ በራሴ አፍ ነው የነገርኩዎት። ጥፋቱን ያመነን ሰው ባመነው ነገር መምታት የእርስዎ ጠባይ አልነበረም።

ብርዱን ግን ጣሉት አይደል? «ብዙ አልልም» ብለው አለፉ። «ጥንቸል ብርድ አትችልም» ያሉት ሰው የት ገቡ? ይመዝገብልኝ።

እሺ፣ በያጅ ነህ ካሉኝ እንደ በያጅ ልናገር። ሽቦው ወፍራም፣ የተበየደ፣ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይሆናል። ቀዳዳው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። አይጥን ካሰብን ወደ 1.3 እናወርደዋለን። በቀጭን ሚስማር አይመታም፤ በጣውላ ተጠፍንጎ በብሎን ይታሰራል። ጎጆው በአራት እግር ቆሞ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ጎርፉ ከሥሩ ያልፋል፣ እርስዎም ጎንበስ ሳይሉ ኋላቸውን ያያሉ። ወለሉ ሽቦ አይሆንም። ጥንቸል እንደ ድመት ለስላሳ መርገጫ የላትም፣ እግሯ ሥር ፀጉር ብቻ ነው ያላት። ሽቦ ላይ ከዋለች እግሯ ይቆስላል። ስለዚህ ጣውላ፣ ከላዩ ጭድ በርከት ተደርጎ። አንደኛው ክፍል ጨለማ ሣጥን ነው፣ ሁለቱ ተጠጋግተው የሚገቡበት። ጥንቸል መደበቂያ ካጣች ማንም ሳይነክሳት በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች። ጀርባው ለነፋሱ ይሰጣል። ጣራው ወደ ፊት አንድ ክንድ ያህል ይወጣል። ከቆርቆሮው ሥር ጣውላ አለ፤ እሱን በደንብ ተምሬያለሁ። መዝጊያው ሲባጎ አይደለም። ላይና ታች ሁለት መቀርቀሪያ ነው።

የሚሯሯጡበት አጥር ደግሞ ከሥሩ ሽቦ ይዘረጋለትና አፈር ይለብሳል። ያ ካልሆነ የዳር ዳሩ ሽቦ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል። እነሱም ይቆፍራሉ፣ ውሻም ይቆፍራል።

ይኼ ሁሉ ለማን ነው? በደንብ ከተያዙ ስምንት፣ አሥር ዓመት ለሚኖሩ እንስሳት ነው። አሥር ዓመት ከቡፌ ሥር? የገመዱን ነገር ደግሞ እስካሁን አልመለሱልኝም።

መምህርት

አሁን የጻፍከው የዶሮ ሽቦ ነው? ምሽግ ነው እንጂ። መጀመሪያ «የአንድ ቅዳሜ ሥራ» ነበር፣ አሁን ብሎን፣ መቀርቀሪያ፣ ቁፋሮ ተጨመረ። እኔ የተቃወምኩት የመጀመሪያውን ነው። እሱን አንተው ራስህ አፍርሰኸዋል። ይመዝገብልኝ፣ እንዳልከው።

ስለ ዋጋው የተናገርኩትን ግን አንስቻለሁ። እጅህ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ቤቴ ይሸታል ብሎ የጀመረው ማነው?

«ግቢ አለዎት» ብለሃል። የለኝም። ተከራይ ነኝ። ግቢው የአራት ቤት ነው። ልብስ ይሰጣበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አንድ ጣሳ ጽጌረዳ ባስቀመጥኩ ጊዜ አከራዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፈውኛል። አሁን ባለ አራት እግር ጎጆ ልትከል? አጥር ልቅበር?

ሌላም አለ። እኔ ጥንቸል አልበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ከማይበሉት ተቆጥራለች። እናንተ ዘንድ ግን አብዛኞቹ ሊቃውንት ፈቅደውታል፣ አንተም ታውቀዋለህ። የጎረቤቴ ልጅ ባየኝ ቁጥር «ቲቸር፣ መቼ ነው የምናርዳቸው?» ይለኛል። እናቱ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። የጎመን ቅጠል የምታመጣላቸው እሷው ናት። የምፈራው እነሱን አይደለም፣ ሌሊት በአጥር የሚያልፈውን ነው፣ ባለ ሁለት እግሩን። ለሱ ደግሞ ሃይማኖቱን አትጠይቀውም።

ዶሮ ስትያዝ ሰፈር ይነቃል። ውሻ ይጮሃል። በግም እንኳ ትንሽ ይላል። ጥንቸል ግን ዝም ብላ ትወሰዳለች። ብትጮህም ነፍሷ ሊወጣ ሲል ነው። ነጠላዬን ደርቤ በሩን እስክከፍት ምን ይተርፋል? ሁለቱ መቀርቀሪያህ ለዚህ መልስ የለውም።

በያጁ

ተከራይነቱን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ኖሮ ይኼን ሁሉ ባልተባባልን ነበር። አሥር ጊዜ የዶሮ ሽቦ ከሚሉኝ።

ከመኝታ ቤትዎ መስኮት ሥር ያለው በረንዳ የማን ነው? ኪራይዎ ውስጥ ከገባ ጎጆውን እዚያ፣ ግድግዳውን አስደግፌ እሠራዋለሁ። እግሩ አይተከልም፣ ይቀመጣል። ቤት ሲቀይሩ ይዘውት ይሄዳሉ። ቀን በረንዳ፣ ሌሊት ሳሎን። ማታ ማታ የጎመን ቅጠል ካሳዩዋቸው ራሳቸው እየሮጡ ይገባሉ። ሊሾው ላይ ደግሞ አሮጌ ምንጣፍ ይነጠፍላቸው፣ አይንሸራተቱ።

ወጡ ማለት ነው እንግዲህ። ሐሳቡ ጸድቋል።

መምህርት

በረንዳ ግቢ አይደለም። መዝገበ ቃላት ግለጥ። ሳሎን የሚያድር ደግሞ ወጣ አይባልም። ዋለ ነው የሚባለው። ሐሳቡ አልጸደቀም።

በረንዳው የኔ ነው። ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው፣ ርዝመቱን አልለካሁትም። ሜትር ይዘህ ና። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል፣ እሱን አስብበት፣ ሁለተኛ እንዳታበስልብኝ። ለአከራዬ የምነግራቸው እኔ ነኝ፣ አንተ አፍህን እንዳትከፍት።

ገመዱን ጠይቀሃል። እስካሁን ሦስት ቻርጀርና አንድ የምጣድ ገመድ በልተዋል። አንደኛው ተሰክቶ ነበር።

ሽቦውን ሳላየው እንዳትቆርጥ።