ማስተካከያ፦ «ስፖርት የማይሠራለት ሰው» ስላልኩት

ባለፈው ጽሑፌ «አንዳንዱ ሰው ዘረመሉ ስላልፈቀደለት የቱንም ያህል ቢለማመድ አቅሙ አይጨምርም» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ያንን መስመር ሰርዤዋለሁ።

የተነሳሁት እ.ኤ.አ. በ1999 ከታተመ የሄሪቴጅ የቤተሰብ ጥናት (ወላጆችንና ልጆቻቸውን አብሮ ያጠና ምርምር) ውጤት ነው። ተሳታፊዎቹ ለ20 ሳምንታት ተመሳሳይ የብስክሌት ልምምድ ሠርተው፣ የአንዳንዶቹ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ፈቀቅ ሳይል የሌሎቹ በደቂቃ ከ1 ሊትር በላይ ጨመረ። ከልዩነቱ እስከ 47 በመቶው ከቤተሰብ ጋር ተያይዟል። እኔ ይህን «ግማሹ ውጤትህ በዘር ተወስኗል» ብዬ አነበብኩት። ቁጥሩ ግን የሚናገረው በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው፤ በዚያ ላይ አብሮ የመኖር ተጽዕኖም አለበት።

ያለፍኩት ደግሞ የልምምዱን መጠን ነው፤ ዋናው ጉድለቴም ይሄ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 78 ጤነኛ ሰዎችን ለ6 ሳምንታት አሠርቶ፣ በብስክሌት ላይ የሚያወጡትን ከፍተኛ ጉልበት ለካ። በሳምንት 60 ደቂቃ ከሠሩት 69 በመቶዎቹ ለውጥ አላሳዩም። 240 እና 300 ደቂቃ ከሠሩት ግን ለውጥ ያላሳየ አንድም አልነበረም። ያልተለወጡትም ለሌላ 6 ሳምንት በየሳምንቱ 120 ደቂቃ ሲጨመርላቸው ሁሉም ተሻሻሉ። (ይህ ስለ አቅም እንጂ ስለ ክብደት አይደለም።)

ጽሑፌን አንብባችሁ ልምምድ ያቆማችሁ ካላችሁ ይቅርታ። የጤና ችግር ከሌለባችሁ ተመለሱና ደቂቃውን ቀስ በቀስ ጨምሩ።