ማስተካከያ፦ በቴሌግራም የዞረው የአልጋ ቁስል ኖት
ሰሞኑን ድሬ ባሉ የነርሲንግ ተማሪዎች መሀል በሚዞረው፣ ብዙ ጊዜ ተኝቶ የሚቆይ ታካሚ ላይ ከጫና ስለሚመጣው የአልጋ ቁስል በተጻፈው ኖት ላይ "የቀላውን ቦታ በቫዝሊን እሹት፣ ተረከዝ ስር ውሃ የተሞላ ጓንት አድርጉ" የሚለው ይስተካከል። የቀላ ቦታ አይታሽም፣ ውስጡ ያለው ስጋ ቀድሞ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ማሸት ያባብስበታል። ጓንቱም ይቅር፣ ትራሱን ከባት ስር በርዝመቱ አድርጉትና ተረከዙ አልጋውን እንዳይነካ፣ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይበል። "ካልቀላ ሰላም ነው" የሚለው ደሞ የኛን ሰው ቆዳ ያላየ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ዳሰስ እያደረጋችሁ ሙቀቱንና መጠንከሩን አጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር አወዳድሩ፣ ያመው እንደሆነም ታካሚውን ጠይቁት። በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ መነሻ ነው እንጂ ለሁሉም እኩል አይሰራም፣ በጎን ስታስተኙም 90 ሳይሆን 30 ዲግሪ ዘንበል፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ላብ ያራሰውን አንሶላ ቶሎ ቀይሩ።