ነጥብ ሲረክስ የሚጎዳው ማን ነው?

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው ውጤት ከዓመት ዓመት እየጋሸበ መምጣቱ በመምህራን ዘንድ የተለመደ መነጋገሪያ ሆኗል። በዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022/23 የትምህርት ዘመን ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ከተሰጡት ውጤቶች መካከል 79 በመቶ ያህሉ ኤ ወይም ኤ ማይነስ ነበሩ። ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ2004 በየትምህርት ክፍሉ በኤ ደረጃ የሚሰጠው ውጤት ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ ደንብ አውጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ ነጥብ ከሚያረክሱ ተቋማት ተመራቂዎች ጋር ስንወዳደር እንጎዳለን እያሉ ቅሬታቸውን ስላላቆሙ፣ ደንቡ ከአሥር ዓመት በኋላ ተነሣ።

በሜሪላንድ በትርፍ ሰዓት በማስተምርበት ኮሌጅ የዚህን አሠራር ውስጡን አይቼዋለሁ። በየመንፈቁ መጨረሻ ተማሪው ለመምህሩ ውጤት ይሰጣል፤ እንደኔ በኮንትራት የሚያስተምር ሰው ለሚቀጥለው መንፈቅ መጠራቱ በአብዛኛው በዚያ ቅጽ ላይ ይወሰናል። ኤ ስጥ ብሎ የሚያዝ የለም፤ ነገር ግን ሲ የሰጠ መምህር የሚደርሰውን ደብዳቤ፣ ስብሰባና ማብራሪያ ስለሚያውቅ እጁ ወደ ቢ ይሄዳል።

ባለፈው ክረምት ጎንደር በነበርኩበት ወቅት፣ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የልጅነት ጓደኛዬ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የአንዱን ክፍል ውጤት፣ ስም የሰፈረበትን ዓምድ ሸፍኖ አሳየኝ። አንዱ ተማሪ ከ50 ከተያዘው ተከታታይ ምዘና 44 አለው፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የቡድን ሥራና ቤት ተወስዶ የሚሠራ አሳይመንት ነው። ከ50 በተያዘው የማጠቃለያ ፈተና ግን ያገኘው 18 ነው። ድምሩ 62 ሆነና ሲ ፕላስ ተሰጠው። ብቻውን ተቀምጦ የሠራው ያ ፈተና ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ውጤቱ 36 ከመቶ፣ ማለትም ኤፍ ኤክስ የሚባለው የመውደቂያ ውጤት በሆነ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ከነበሩት አምስት ልጆች ሥራውን የሠራችው አንዲት ሰቃይ ተማሪ እንደነበረች ጓደኛዬ ያውቃል፤ አምስቱም ግን እኩል ማርክ አግኝተዋል።

ለምን ዝም እንደሚል ስጠይቀው ቢሮው ድረስ የሚመጡትን ተማሪዎች አነሣልኝ። «ቲቸር፣ ሁለት ማርክ ቢፈልጉልኝ፤ እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ» የሚል ልጅ ከፊቱ ሲቆም፣ ልጁን ከጊቢ የሚያስወጣው እጅ የእሱ እንዲሆን አይፈልግም። ሜሪላንድ ውስጥ እጃችንን የሚያለሰልሰው ለእንጀራችን መስጋታችን ሲሆን፣ ጎንደር ውስጥ ግን ርኅራኄ ይበዛበታል። ርኅራኄውን አከብራለሁ፤ ውጤቱን ግን አልቀበለውም።

ምክንያቱም ነጥብ መምህሩ ለተማሪው የሚሰጠው ስጦታ ሳይሆን፣ ተማሪውን ለማያውቅ ለሦስተኛ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ነው። የዬል ተመራቂ ትራንስክሪፕቱ በኤ ቢሞላም ባይሞላም የትምህርት ቤቱ ስም ይቀድምለታል። ከደንቢያ ወይም ከበለሳ መጥቶ ጎንደር የተማረ የገበሬ ልጅ ግን በቀጣሪ ፊት የሚናገርለት አጎት የለውም፤ ያለው ነጥቡ ብቻ ነው። ሁሉም ሦስት ነጥብ ምናምን ይዞ ሲቀርብ ቀጣሪው ነጥቡን ማመን ያቆምና ወደሚያምነው ሰው፣ ማለትም ወደ ዘመድና ወደ ትውውቅ ይዞራል። ሁለት ማርክ በመጨመር የታዘንለት ልጅ በኋላ በር የሚዘጋበት በዚህ መንገድ ነው፤ ቡድኑን የተሸከመችው ልጅም አብራው ትቀራለች።

ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የሚወስዱት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይህን ገልጦ አሳይቶናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፈተናው በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ በየመምህሮቻቸው ምስክርነት ኮርሶቻቸውን አልፈው ለምረቃ የደረሱ ተማሪዎች ናቸው። ፈተናው ምርጫ ብቻ በመሆኑ የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያለን እጅ ወይም የመሐንዲስን ንድፍ ሊመዝን አይችልም የሚለው ትችት ትክክል ነው። ቢሆንም ካስተማረው ሰው ውጭ ያለ ዓይን ማስፈለጉን አይሽረውም።

ይህ ደግሞ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት አቋቋም የተባለውን የዜማ ትምህርት የተማረ ደቀ መዝሙር ከየትም መምህር ይማር፣ ለማስመስከር፣ ማለትም ተፈትኖ መምህርነቱን ለማረጋገጥ የሚመጣው ጎንደር በዓታ ነው፤ የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ ድጓን የተማረም ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። የኔታ ምንም ያህል ቢወዱት፣ ማስመስከሪያው ያልተቀበለውን በፍቅራቸው መምህር ሊያሰኙት አይችሉም። ያን ሥርዓት ያቆመች ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሪውና መስካሪው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሲቀር ዝም ማለቷ ያስቆጨኛል።

የአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በትራንስክሪፕት ላይ ከተማሪው ውጤት ጎን የክፍሉን መካከለኛ ውጤትና የተማሪውን ብዛት ያትማል፤ አንባቢው አንድ ኤ በስንት ሰው መካከል እንደተገኘ ያያል። የእኛም ሬጅስትራሮች ውጤት የሚመዘግቡበት ሶፍትዌር ስላላቸው ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያሻቸውም። እኔ አንድ ዓምድ ጨምሬ እጠይቃለሁ፦ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ የሠራው የማጠቃለያ ፈተና ውጤት ከድምሩ ተለይቶ ይታተም፤ ከሚቀጥለው መስከረም በሚገቡት አዲስ ተማሪዎችም መጀመር ይቻላል።